የእሴይ ልጅ



ዳዊት ጎልያድን በገደለ ጊዜ ገና ብላቴና ነበረ። የንጉሡ ልጅ ዮናታንም ወዳጁ ሆነ፤ ካባውንና ሰይፉን ሰጠው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። ሳኦል በማዕድ ተቀምጦ ሳለ ዳዊትን በስሙ መጥራት ተጸይፎ የእሴይ ልጅ እያለ ያነሣው ነበረ፤ ዮናታን ግን ሲመልስ ዳዊት ብሎ ጠራው። ስለ ምን ይሞታል፣ ምንስ አድርጎአል ብሎም ጠየቀ። ስለዚህች ጥያቄ አባቱ ጦር ወረወረበት።

በኢትዮጵያም የአባት ሥራ ለልጅ ስድብ ሆኖ ኖሮአል። የቀጥቃጭ ልጅ ቡዳ፣ የቆዳ ሠራተኛ ልጅ ፋቂ ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እስከ መባል ተደረሰ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ኖረ፤ ዛሬም በየስፍራው ፈጽሞ አልጠፋም።

ከብት አብረው የሚጠብቁ ሕፃናት ይህን አያውቁም፤ ቆሎ ተካፍለው ይበላሉ። ዐሥራ አራት ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆናቸው ግን ለአንደኛው፣ ከዚያ ቤት እንዳትቀምስ፣ ዓይናቸው ክፉ ነው ተብሎ በጆሮው ይነገረዋል። ያን ጊዜ የቀጥቃጩ ልጅ በአባቱ ወናፍ ያፍራል፤ አባትህ ምን ይሠራል ሲሉት ገበሬ ነው ይላል።

በዚህ ጊዜ ጓደኛው በበጎ ሐሳብ ይስታል። አንተ እንኳ እንደነርሱ አይደለህም ይለዋል። ማጽናናቱ ነው፤ ነገር ግን ብላቴናው ወዳጅ እንዲያገኝ አባቱን ይካድ ማለት ነው። ዮናታን ዳዊትን የእሴይ ልጅ አይደለህም አላለውም። እውነተኛ ወዳጅ ከዚያ ቤት ገብቶ ከእናቲቱ እጅ እንጀራ ይቈርሳል፤ ዘመዶቹ ሲቈጡም ምን አደረገ ብሎ ይጠይቃል። የሚመጣለት መልስ ብዙ ጊዜ ይባላል የሚል ብቻ ነው።

ይህ ነገር ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ የቀረ አይደለም። ምእመናን የሚሳለሙትን መስቀል ያቀለጠ፣ የጽናውን ሰንሰለት የቀጠለ፣ ለመጽሐፉ ብራናውን የፋቀ፣ ነጠላውን የሸመነ የተሰደበው እጅ ነው። በዚህ በኢዮቤልዩ ቀን ጠበል ጻዲቅ ሲቀርብ ጎረምሶች ከማን አጠገብ እንደሚቀመጡ አባቶቻቸው ያያሉ፤ ልጆቹም ከመቀመጣቸው በፊት የአባቶቻቸውን ዓይን ያያሉ።