የመምህር ችሎታና አድልዎ በምን ይታወቃል?
ለበየዳ ወላጆች የተዘጋጀ ንግግር



ከ4500 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በራስ ዳሽን ግርጌ የሚኖር ገበሬ፥ ልጁን ከበግ ጥበቃ አንሥቶ ወደ ትምህርት ቤት ሲሰድ ለመንጋውም ለገብሱም እጅ ይጐድልበታል። ይህን ያህል የከፈለ ሰው፥ መምህሩ ዐዋቂ ነውን? ያደላልን? ብሎ ቢመረምር ነውር አይደለም።

«ፊደል የማልለይ ሰው መምህርን በምን እመዝናለሁ?» የሚል ይኖራል። መመዘኛው ግን በልጁ አፍ ነው። ልጅ 231ዱን ፊደል ከሀ እስከ ፐ እንደ ዜማ ቢወርደው፥ ድምፁን እንጂ መልኩን ያጠና ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አባት ከገበታው መካከል አንዱን ፊደል በስንደዶ ነክቶ ስሙን ይጠይቅ፤ መልኩንም በከሰል ይገልብጥ። በማግሥቱ የገለበጠውን ብቻ ሲያሳየው ልጁ ያንኑ ስም ከሰጠ ትምህርቱ ገብቶታል። ብዙ ወር የተማሩ ልጆች ሁሉ በዚህ ቢሰናከሉ ግን ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም።

በቤተ ክህነት ትምህርት ድጓን ዐወቅሁ ያለ ሰው ጋይንት ወርዶ በቤተልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት ያለውም በዙር አባ ያስመሰክራል እንጂ የመንደሩ ምስጋና አይበቃውም። የቅኔ ተማሪም መምህሩ ካላረካው አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሻገራል፤ እግሩ ፍርዱ ነው። የመንደር ሕፃን ግን የሚሻገርበት የለውም።

አድልዎን ለማወቅ፥ በትምህርት ሰዓት ውኃና እንጨት የሚላከው የማን ልጅ እንደ ሆነ ማየት ነው። የድኻው ልጅ እንጨት ሲለቅም፥ ሴቲቱም ቤት ስትጠርግ፥ በግ የሰጠው ሰው ልጅ የሚያነብ ከሆነ ሌላ ምስክር አያሻም። ደግሞ አንዱን ስሕተት በአንዱ ልጅ ላይ ሥቆ አልፎ በሌላው ላይ የሚቈጣ መምህር አለ። ዱላ ግን ለሁሉ እኩል ቢሆንም አይፈቀድም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ አድርጓልና።

ሆኖም ልጅ ስላለቀሰ ብቻ መምህሩ በደለ አይባልም፤ ቍጡ ሆኖ የማያደላ አለ፥ ገራገር ሆኖ የሚያደላም አለ። ቅር ያለው ወላጅ አስቀድሞ መምህሩን ልጁ በማይሰማበት ስፍራ ይጠይቅ። መልሱ ካላጠገበው፥ ያየውን ቀንና ነገር ለይቶ ለወላጆችና ለመምህራን ኅብረት ያስረዳ።