የቁመት ልክና የነቀርሳ በሽታ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር በሥነ ሕይወት ትምህርት ጊዜ መምህራችን ረዥም ሰው በነቀርሳ የመያዙ ዕድል ከአጭር ሰው ጥቂት ከፍ እንደሚል ሲነግሩን፣ ክፍሉ በሣቅ ተሞልቶ ከኋላ ወንበር ወደሚቀመጠው ወደ ረዥሙ ጓደኛችን ዞረ። እሱ ግን አልሣቀም። ደወል ከተደወለ በኋላ ወደ እኔ መጥቶ «እውነት ነው? ወይስ እንዲያው አጋጣሚ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ ስላልነበረኝ በንባብ ፈልጌ ያገኘሁትን ዛሬ በፊታችሁ አቀርባለሁ። ዘመኑን የምጠራው በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

የነገሩ መነሻ ሐሰት አይደለም። በብሪታንያ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ሴቶችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሎ በ2011 የታተመው ጥናት፣ ቁመት በ10 ሳንቲ ሜትር በጨመረ ቍጥር በነቀርሳ የመያዝ ዕድል በ16 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ይኸውም ከአጫጭሮቹ 100 ሴቶች ቢታመሙ፣ በቍጥርና በዕድሜ ከሚተካከሏቸው ነገር ግን በ10 ሳንቲ ሜትር ከሚበልጧቸው ዘንድ 116 ይታመማሉ ማለት ነው። ልዩነቱ አለ፤ ሆኖም ሲጋራ በሳንባ ላይ ከሚያመጣው ጕዳት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች አብረው ስለ ተገኙ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ረዥም ሰው ብዙውን ጊዜ በልጅነቱ ወተትና ሥጋ ያልጐደለበት ነው። ቤተ ሰቡ ባለጠጋ ከሆነም ወደ ሐኪም ቶሎ ይሄዳል፤ ድኻው ስሙን ሳያውቀው የሚሞትበት በሽታ እሱ ዘንድ ተለይቶ በመዝገብ ይጻፋል። እንግዲህ ጥፋቱ የቁመት ነው፣ የማዕዱ ነው ወይስ የመዝገቡ? ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን አስረዝሞ፣ ግማሾቹን አሳጥሮ 50 ዓመት መጠበቅ አይቻልም፤ ቢቻልም ኃጢአት ነው።

እዚህ ላይ የረዳን የአንድ መነኩሴ ሥራ ነው። ግሬጎር ሜንዴል በብርኖ ከተማ በገዳሙ አተክልት ቦታ አተር እየዘራ የባሕርይን ውርስ ሕግ መርምሮ በ1866 አሳተመ። ልጅ ከአባቱም ከእናቱም የዘር መልእክታቸውን ግማሽ ግማሹን ይወስዳል፤ የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰው ግን እንደ ዕጣ ነው። ከአንድ መሶብ በልተው ካደጉ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ጣራውን ሲነካ ሌላው ከትከሻው በታች የሚቀረው በአብዛኛው ስለዚህ ነው። ዕጣው የሚወጣው ከመወለድ በፊት ስለ ሆነ ባለጠግነትም ሆነ ድኽነት፣ ኋላ የሚመጣ በሽታም ሊለውጠው አይችልም። እኛ ልናደርገው የማይገባንን ፈተና ተፈጥሮ አስቀድማ አድርጋዋለች።

ይህን ሐሳብ ወደ ነቀርሳ ያመጣው የሆላንዱ ሊቅ ማርታይን ካታን በ1986 በጻፈው አጭር ደብዳቤ ነው። በዚያን ጊዜ በደማቸው ኮሌስትሮል ያነሰባቸው ሰዎች በነቀርሳ ይበልጥ ሲያዙ ስለ ታየ፣ ኮሌስትሮልን ማውረድ አደጋ እንዳይሆን ይፈራ ነበር። ካታን ነገሩን ገለበጠው፤ ምናልባት ገና ያልታወቀው ነቀርሳ ይሆን ኮሌስትሮሉን የሚያወርደው? ከልደታቸው ጀምሮ በአንድ ጂን ምክንያት ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ ሰዎች አሉ፤ ጥፋቱ የኮሌስትሮል ማነስ ከሆነ እነዚህ ከሌላው ይልቅ በነቀርሳ መታመም ነበረባቸው። በኋላ ሲመረመር እንደዚያ ሆኖ አልተገኘም። ካነበብሁት ሁሉ እጅግ የወደድሁት ይህን ነው።

ቁመትም በዚሁ ሚዛን ተመዘነ። ዕጣቸው ረዥም ያደረጋቸው ሰዎች በጡትና በትልቁ አንጀት ነቀርሳ ጥቂት በለጥ ብለው ሲያዙ ስለ ተገኙ፣ ነገሩን ሁሉ በማዕድና በመዝገብ ማሳበብ አልተቻለም። ስለ ምክንያቱ አንዳንዶቹ ረዥም ሰው ብዙ ሕዋሳት ስላሉት ነው ይላሉ። (ዝሆን ግን ከእኛ እጅግ ብዙ ሕዋሳት ሳሉት በነቀርሳ ከእኛ ይልቅ አይታመምም!) ሌሎች የእድገት ሆርሞንን ይጠረጥራሉ። በደቡብ ኢኳዶር በአንድ የጂን ጕድለት ምክንያት አካላቸው ለዚህ ሆርሞን የማይታዘዝ፣ እጅግ አጫጭር ሰዎች አሉ። 100 ያህሉን ለ22 ዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2011 ሲታተም በነቀርሳ የተያዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አልሞተበትም።

ዘዴው እንከን የለውም አልልም። አንድ ጂን ሁለት ሥራ የሚሠራ እንደ ሆነ፣ ቁመትን በአንድ በኩል፣ ነቀርሳን በሌላ በኩል ሊነካ ይችላልና ፍርዱ ይሳሳታል።

ከዚህ ይልቅ እኛን የሚነካ ሌላ ጕድለት አለ። በ2022 የ5.4 ሚሊዮን ሰዎች ዘር ተመርምሮ ከቁመት ጋር የተያያዙ 12,000 ያህል የዘር ልዩነቶች ተገኙ። ከነዚህ ሰዎች ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡት ትውልዳቸው ከኤውሮጳ ነው። ስለዚህ ውጤቱ በኤውሮጳውያን መካከል ካለው የቁመት ልዩነት 40 በመቶ ያህሉን ሲያስረዳ፣ በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ያስረዳል። ጓደኛዬ «እሺ፣ ለእኔስ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ከማዋስ በቀር የምሰጠው አልነበረኝም።