መዶሻው ይቆየን

ካዛንቺስ ታክሲ የምትጠብቁ፣ ቂርቆስ ሱቃችሁን የምትከፍቱ፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ ስለ ፈረስ ጫማ ላውራችሁ። ፈረስ በካዛንቺስ አስፋልት? አትሳቁ። ምኒልክን ዛሬም አባ ዳኘው የምንላቸው በፈረሳቸው ስም ነው።

የፈረስ ሰኮና እንደ ጥፍራችን ነው። ያድጋል፤ ይከረከማል። ውጪው ቢመታ አያምም። ውስጡ ግን ሕይወት አለው። ውስጡ ያማል። የብረት ጫማው ምስማር ትንሽ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ፈረሱ ያነክሳል።

ለዚህ ነው ጫማውን የሚመታው ባለሙያ በመዶሻ የማይጀምረው። መጀመሪያ አረማመዱን ያያል። ከፊት ሆኖ ያያል፤ ከኋላ ሆኖ ያያል። ከዚያ በጎን ይጠጋል። ትከሻውን ይዳስሳል። እጁን ቀስ አድርጎ ወደ እግሩ ያወርዳል። ፈረሱ ክብደቱን ሲያነሳለት፣ ያኔ እግሩን ይይዛል።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ በመዶሻ እንጀምራለን። ገና በጠዋቱ! ለልጃችን፣ ለባልደረባችን የምንለው ልክ ሊሆን ይችላል። ምስማሩም እኮ ልክ ነበር። የገባበት ቦታ ነው ያሳመመው። እኔም ትናንት ቤቴ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ምስማር መትቻለሁ፤ ዛሬ ስገባ ቀስ ብዬ እጠጋለሁ።

ታክሲው መጣ መሰለኝ። ረዳቱ ዛሬም ፊቱን አጥቁሯል። እንዴት እንዳደረ ማን ያውቃል?