የቤታችን አድራሻና የጋራው ሣጥን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ትንሽ ቢመስልም፤ እኔን ሁለት ሳምንት ሙሉ ያደከመ ነው። ይኸውም የቤታችን ራውተር ከአቅራቢው የተሰጠው አድራሻ የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ነው።

በቡና ለቀማ ወራት አባቴ ሬኮ በሚገኘው ቤታችን የእሸት ቡናውን ሚዛን በየቀኑ ይመዘግባል። አዲስ አበባ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ መዝገቡን ባለበት ሆኖ ማየት ስለ ፈለገ፤ በአንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ አኖርሁለት። ከዚያም አድራሻን የሚናገር ድረ ገጽ ከፍቼ ያገኘሁትን ቁጥር ላክሁለት። ወንድሜ ግን ደጋግሞ ቢሞክር በሩ አልከፈት አለው። እኔም ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፤ ኮምፒዩተሩንም ወቀስሁ። ጥፋቱ ግን የሁለቱም አልነበረም።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። በአገራችን ደብዳቤ የሚመጣው በየቤቱ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። አንድ ትምህርት ቤት አንድ ሣጥን ቢኖረው፤ የተማሪው ሁሉ ደብዳቤ በዚያው ቁጥር ይወጣል። መልስ ሲመጣ ጸሐፊው ማን እንደ ላከ መዝግቦ ይዟልና ለባለቤቱ ይሰጣል። ስም የሌለበት ደብዳቤ በድንገት ቢመጣ ግን ለማን እንደሚሰጠው አያውቅምና ይመልሰዋል። አቅራቢዎችም ብዙ ቤቶችን በአንድ አድራሻ የሚያወጡት በዚሁ ዓይነት ነው፤ ባለሙያዎቹ ይህን የአድራሻ ቅያሪ «ናት» ይሉታል።

ምክንያቱም የቁጥር እጥረት ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የተደነገገው የአድራሻ ሥርዓት 4.3 ቢሊዮን ያህል ቁጥር ብቻ አለው፤ የዓለሙም ዋና ጎተራ በ2011 እ.ኤ.አ. ባዶ ሆነ። በ2012 እ.ኤ.አ. ከ100.64 እስከ 100.127 የሚጀምሩት ቁጥሮች በአቅራቢና በደንበኛ መካከል ለሚደረግ የጋራ አሠራር ተለዩ።

እናንተም ልትመረምሩ ብትፈልጉ፤ መምህሬ ያሳዩኝ መንገድ ይህ ነው። ከራውተሩ ሥር የተጻፈውን ቁጥር፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 የሆነውን፤ በማሰሻው ላይ ጽፋችሁ በይለፍ ቃል ግቡ። «ዋን» ከሚለው አጠገብ ያለውን አድራሻ በወረቀት ያዙ፤ አቅራቢው ለቤታችሁ የሰጠው እርሱ ነው። ቀጥሎ ድረ ገጹ የሚነግራችሁን ከጎኑ ጻፉ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ አድራሻው የራሳችሁ ነው። የራውተሩ በ100.64 እና በ100.127 መካከል ሆኖ የውጭው ሌላ ከሆነ ግን ሣጥኑ የጋራ ነው። በ10 የሚጀምርም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ነው። በ192.168 ከጀመረ ምናልባት በቤታችሁ ሌላ ራውተር ከፊቱ ቆሟል። የእኛው በ100.72 ይጀምር ነበር።

መድኃኒቱስ? የራስ አድራሻ በክፍያ የሚሰጡ አቅራቢዎች አሉ። እኔ ግን ወደ ውጭ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነውና፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ መዝገቡን ማታ ማታ ለወንድሜ እንዲልክ አደረግሁ። አባቴም ከዚያ ወዲህ ስለ ሚዛኑ በስልክ መጨቃጨቅ ቀረላቸው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ተምሬአለሁ። በ2006 እ.ኤ.አ. ማለቂያ ላይ ዊኪፔዲያ አጥፊዎችን ለመከልከል አንድ አድራሻ ቢዘጋ፤ ኳታር በዚያው አድራሻ ትወጣ ስለ ነበር፤ በአገሩ ስማቸውን ሳያስመዘግቡ የሚጽፉ ሁሉ ለሰዓታት ታገዱ። እንግዲህ አድራሻ ሰው አይደለም። በእኛም የኮምፒዩተር ክፍል አንድ ጥፋት ቢገኝ፤ ቁጥሩን ብቻ አይተን በጓደኛችን ላይ አንፍረድ፤ ሰዓቱንና መዝገቡን አስቀድመን እንጠይቅ። እኛም ብንሆን የምንሠራው ክፉ ሥራ ከእኛ ጋር በአንድ ሣጥን የሚወጣውን ንጹሕ ሰው እንደሚያስወቅስ እናስብ።