ከቀጠሮ የቀሩትን ማን ይጠይቃል? የደም ግፊት ክትትልና የጥናቶቻችን ክፍተት



የዛሬው ንግግሬ የደም ግፊት ሕክምና ከጀመሩ በኋላ ከክትትል ስለሚጠፉ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተካሄደው ብሔራዊ የዳሰሳ ጥናት፣ ከአዋቂዎች ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት ደግሞ፣ በዓለም ዙሪያ ሕመሙ ካለባቸው አዋቂዎች ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ከአምስት አንዱ ያህል ብቻ ነው። አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የቆዩና በአንጻራዊነት ርካሽ መድኃኒቶች ናቸው፤ ስለዚህ ጉድለቱን በመድኃኒቱ ላይ ማላከክ አንችልም።

ከቀጠሮ የቀረን ሰው «ቸልተኛ» ማለት ለምደናል። እኔ ቃሉን አልወደውም፤ ጥያቄው ገና ሳይነሣ ይዘጋዋልና። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ብዙዎች ግን ራሳቸውን ሲያማቸው ወይም ማጅራታቸውን ሲይዛቸው ብቻ «ግፊቴ ተነሣ» ብለው ኪኒናቸውን ይውጣሉ፤ ሲሻላቸው ይተዉታል። ደኅንነት የሚሰማው ገበሬ በአጨዳ ወቅት የቀን ሥራውን፣ የመጓጓዣውንና የምሳውን ወጪ አስልቶ ቢቀር፣ በስሌቱ ውስጥ የጎደለው ነገ ሊመጣ የሚችለው ስትሮክ ነው። ይህንንም በሚገባው ቋንቋ ልንነግረው የሚገባን እኛ ነበርን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሕክምናውን እንጂ የአውቶቡሱን አይከፍልም። ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት «የለም፣ ከውጭ ይግዙ» የተባለ አባወራም በሚቀጥለው ወር ለምን እንደሚመጣ ራሱን ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

አንዲት ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል። ከሩቅ ቀበሌ ገና ሳይነጋ ተሳፍረው የሚመጡ እናት፣ መንገድ ላይ «አውርዱኝ» ማለቱ ስለሚያሳፍራቸው የዕለቱን ኪኒን ሳይውጡ ይመጣሉ። ሳያርፉም ይለካሉ። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ ጠዋት መድኃኒት ወስደው እንደሆነ ሳይጠየቁ ሌላ ይታዘዝላቸዋል። ቀጠሯቸውን አክብረው የመጡ ሴት የሚያገኙት ይህን ከሆነ፣ መምጣታቸው ብቻውን ምን ጠቀማቸው?

አገራችን ተመሳሳይ ችግር በሌላ ሕመም ላይ ገጥሟት መላ አበጅታለች። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በፀረ ኤችአይቪ ሕክምና የተረጋጉ ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስዱ ተደርጓል፤ የጠፉትም ተለይተው ይፈለጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ ለደም ግፊትም ቢሆን ወርኃዊ ክትትል የሚመክረው ግፊቱ ግቡ ላይ እስኪደርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይበቃል። ይሁንና ግፊቱ የተስተካከለለትን ሰው በየወሩ የሚያሰልፉ ክሊኒኮች አሁንም አሉ። ቀጠሮን ማራዘም ግን የመድኃኒት ክምችትና የቀሩትን የሚያሳይ መዝገብ ይፈልጋል፤ ያለ እነዚህ ካራዘምነው ሰው መጥፋቱን የምናውቀው ከስድስት ወር በኋላ ይሆናል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። በዚህ ርዕስ የሚሠሩ የማስተርስ ጥናቶች አብዛኞቹ በአንድ ዓይነት መንገድ ይሠራሉ፤ ተማሪው መጠይቁን ይዞ ክትትል ክፍል ደጃፍ ይቀመጥና ቀጠሯቸውን አክብረው የመጡትን ሰዎች ስለ መቅረት ይጠይቃል። ፈጽመው የጠፉት ናሙናው ውስጥ የሉም። ከእነርሱ አንዱ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛውሮ ይሆናል፤ ሌላዋ ያንኑ መድኃኒት ከግል መድኃኒት ቤት እየገዛች ትውጣለች፤ ሦስተኛው ጠበል ገብቶ መድኃኒቱን አቁሟል፤ አራተኛው ሞቷል። «ጠፉ» በሚል አንድ ቃል ስናጠቃልላቸው፣ መፍትሔ የሚሻውን ከማይሻው መለየት አንችልም።

ስለዚህ ዘንድሮ ርዕስ የምትመርጡ ተማሪዎች፣ ከመጠይቁ በፊት መዝገቡን ክፈቱ። ከዓመት በፊት ሕክምና የጀመሩትን ሁሉ ስም በስም አውጡ፤ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና ምስጢራቸውን በመጠበቅ፣ በስልክም ሆነ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በኩል የቀሩትን ፈልጉ። የናሙናችሁ ቁጥር ያንሳል፤ ሥራውም ይረዝማል። እኔ አማካሪ ከሆንሁ፣ ደጃፍ ላይ ከተሞሉ አራት መቶ መጠይቆች ይልቅ፣ ቤታቸው ድረስ ተፈልገው የተገኙ የሠላሳ ሰዎችን ታሪክ እመርጣለሁ።