ፀሐይ፣ ቂብላና የመስጊዳችን ጣራ

(ስለ መስጊዱ ማስፋፊያ ለጀማዓው የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ማስፋፊያው ሥራ እንድናገር ሲጠይቀኝ ብዙዎቻችሁ ስለ መዋጮ የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። መዋጮውን ገንዘብ ያዣችን ይናገሩበታል። የእኔ ጉዳይ ፀሐይ ናት። እስካሁን በተደረጉት ስብሰባዎች ስለ ሚናራው ቁመትና ስለ ሴራሚኩ ቀለም ብዙ ተብሏል፤ ፀሐይ በየት በኩል ገብታ ማንን እንደምታገኝ ግን አልተነሳም።

ይህ ዕውቀት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዙህር የሚገባው ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ነው፤ ዐስርም የሚለካው በጥላ ርዝመት ነው። ሰዓትና የጊዜ ሰሌዳ ባልነበረበት ዘመን ሸኾች እንጨት ተክለው ጥላ ይለኩ ነበር። ቤት የሚሠራ ሰውም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ጂኦግራፊ የተማራችሁ ወጣቶች እንደምታውቁት ሸኮ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ርቃ ትገኛለች። በመሆኑም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ፣ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ትሆናለች፤ ያን ጊዜ የቆመ ሰው ጥላው ከእግሩ ሥር ይጠፋል። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ባሉት አምስት ወራት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል፣ በቀሪዎቹ ሰባት ወራት ደግሞ በደቡብ በኩል ታልፋለች።

በየጁሙዓው የምናነበው ሱረቱል ከህፍ የዋሻውን ሰዎች ታሪክ ሲያነሳ ፀሐይ በዋሻቸው ጎንና ጎን ታልፍ እንደነበር ይጠቅሳል። ኢብኑ ከሢር በተፍሲራቸው ከዚህ ተነሥተው የዋሻው በር በሰሜን በኩል እንደነበረ ያስረዳሉ። ከእኛ ርቆ በሰሜን በሚገኝ አገር ወደ ሰሜን የዞረ በር ዓመቱን ሙሉ ከቀትር ፀሐይ የተጠበቀ ነው። በሸኮ ግን አምስት ወር ሙሉ የቀትር ፀሐይ በዚያው በኩል ናት። ስለዚህ ከሌላ አገር መስጊድ የተገለበጠ ፕላን እዚህ እንዳለ አይሠራም። የእኛ ጣራ በሁለቱም ወገን ከግድግዳው ወጣ ማለት አለበት። አንድ ሜትር ብናወጣው በታኅሣሥ ቀትር የደቡቡን ግድግዳ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በሰኔ ቀትር ደግሞ የሰሜኑን ከ3 ሜትር በላይ ይከልለዋል። ዝናቡንም ከግድግዳው ያርቃል፤ ይህም በእኛ አገር ዝናብ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ቂብላ ልምጣ። መካ ከእኛ በስተሰሜን፣ ወደ ምሥራቅ 16 ዲግሪ ያህል አዘንብላ ትገኛለች። ሶፉ እንዲረዝም ብለን ረጅሙን ግድግዳ በቂብላ በኩል ስናደርግ፣ አጫጭሮቹ ግድግዳዎች ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይዞራሉ። አል-ሐምዱሊላህ፣ የግንባታ ባለሙያም ለዚህ አገር የሚመርጠው ይህንኑ ነው። የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ የጣራ ጠርዝ አይመልሳትም፤ የሚያዋጣው ለእርሷ የሚጋለጠውን ግድግዳ ማሳጠር ነው።

የጠዋቷ ፀሐይ ትግባ፤ እርጥበት ታደርቃለች፣ ምንጣፉም አይሸትም። የሚያስቸግረው ምዕራቡ ነው። ወደ ቂብላ ለቆመ ሰው ምዕራብ በግራው ነው፤ በግራ ያለው ደግሞ የእህቶቻችን ክፍል ነው። ኮርኒስ የለውም፤ መስኮቱም አንድ ነው። በዐስር ሰዓት እናቶቻችን በላብ ተጠምቀው ይሰግዳሉ፤ ሕፃን ያዘለችውም ሰላቷን ሳትጨርስ ትወጣለች። ወንዶቹ ይህን አላወቅንም፤ የምንሰግደው ከመጋረጃው በዚህ ወገን ነዋ።

በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ያህል የፀሐይ ኃይል ያርፋል። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 100 ኪሎ ዋት ይቀበላል ማለት ነው። ከዚህ ሙቀት የዛገ ቆርቆሮ ከአዲሱ ይልቅ ብዙውን ይይዛል፤ ኮርኒስ ከሌለም ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ሰጋጁ ይወርዳል። የአባቶቻችን የሣር ክዳን ይህን ያስቀር ነበር፤ ቆርቆሮ የፍሳሽን ችግር ፈታና የሙቀትን አመጣ። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ችፑድ ባይገኝ የቀርከሃ ኮርኒስ ይሁን፤ ከኮርኒሱና ከቆርቆሮው መካከል ክፍተት ይኑር፤ የጋለው አየር እንዲወጣም ከጣራው ጫፍ ሥር በሁለቱም ወገን ቀዳዳ ይተው። ዝናብ ሲዘንብ ኹጥባው የማይሰማችሁም በዚሁ ባዶ ቆርቆሮ ምክንያት ነው።

በምዕራብ በኩል ደግሞ ዛፍ እንትከል። ይህን ለሸኮ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። ቡናችሁን ከሰሳ፣ ከዋንዛና ከቢርቢራ ሥር ታሳድጋላችሁ፤ ፍሬውን ግን አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ ታሰጣላችሁ። ለቡና ያሰባችሁትን ለእናቶቻችሁ አስቡ።

ሌላው የሶላር ጉዳይ ነው። መብራት ሲጠፋ ደረሶቻችን በኩራዝ ጭስ ይቀራሉ። በሰሜን ሸዋ የሬማ መንደር ገበሬዎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ቤታቸውን በፀሐይ ማብራት ጀምረዋል። በሞሮኮ ታድማሜት በምትባል ተራራማ መንደር እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠራው መስጊድ በጣራው ላይ ባለው ሶላር ይበራል። የዛሬ ሶላር ካረፈበት ብርሃን አንድ አምስተኛ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ አንድ ባለ 100 ዋት ሰሌዳ በደህና ቀን ለስድስት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ማታ ለአራት ሰዓት ይበቃል፣ ይተርፋልም። በክረምት ደመና ይቀንሳልና ባትሪው ሰፋ ይበል። ሰሌዳው ከቂብላው በተቃራኒ ባለው ደቡባዊ ክዳን ላይ ይሁን፤ ዝናብ እንዲያጥበውም ዘንበል ይበል። ዛፉ ግን እንዳያጠላበት፤ በአንዱ ጥግ ያረፈ ትንሽ ጥላ የመላውን ሰሌዳ ጉልበት ይቀንሳል።

ስለዚህ ኮሚቴውን የምጠይቀው ሴራሚኩ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲቆይና የእህቶች ክፍል ኮርኒስ እንዲቀድም ነው። የአዲሱም መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ቂብላውን ፀሐይ ትመስክርልን። ግንቦት 19 እና 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ፣ ሐምሌ 8 እና 9 ደግሞ ከ6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ ፀሐይ ከካዕባ አናት በላይ ትሆናለች። በዚያች ደቂቃ በቱንቢ ተስተካክሎ የቆመ እንጨት ጥላው ከቂብላ በተቃራኒ ይወድቃል፤ የ4 ሜትር እንጨት እዚህ አንድ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ሐምሌ ላይ ደመናው ስለማይታመን ግንቦትን እንጠቀም። አናጢዎቹ ቱንቢና ገመድ ይዘው ይምጡ፤ እንጨቱን እኔ አዘጋጃለሁ።