በስልካችን የኩሬ ፍጥረታትን ከቅርብ ማንሳት

(በማኅበራችን የእሁድ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ እረፍት አጥተው ላልመጡ እህቶች በጽሑፍ)

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ ኢቃማም ስለ ደመወዝም አላወራችሁም፤ ለእሱ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ አሉ። እኔ የተባልኩት ስለ ፎቶ እንድናገር ነው። የማውቀው ደግሞ አንድ ዓይነት ፎቶ ብቻ ነው፤ ኩሬ ዳር ያሉ እንቁራሪቶችንና ነፍሳትን ከቅርብ ማንሳት። አንዳንዶቻችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ሳቁ፣ ግን አዳምጡኝ።

ምን ይጠቅማል? ካላችሁ፣ የምንሠራበት ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ የሰው ነው። ፎቶ ስንነሳም የሰው ሶፋ ላይ፣ የሰው መኪና አጠገብ ነው። አገር ቤት ያለ ሰው ያንን ሲያይ «ተመችቷታል» ይላል፤ የብር ጥያቄውም ከዚያ ይመጣል። እንቁራሪት ግን የማንም አይደለችም። ያየኋት እኔ፣ የጠበቅኋት እኔ፣ ያነሳኋት እኔ።

ሁለተኛው ምክንያት የራሴ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናቴ ጋ ታድጋለች። ስደውል «ደህና ነሽ?» «ደህና።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ጥሩ።» በቃ፣ ስልኩን ለአያቷ ትሰጣለች። እዚህ ሊባኖስ በጋ ሲመጣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ተራራው ዳይዓ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። እኛም ስንወጣ ከአትክልቱ ሥር የመስኖ ውሃ የሚጠራቀምበት ብርኬ አለ። ከዚያ አራት እግር አውጥታ ጭራዋ ገና ያልጠፋ ትንሽ እንቁራሪት አንስቼ ላክሁላት። በማግስቱ ራሷ ደወለች። «እማ፣ ጭራዋ የት ይሄዳል?» አለችኝ። ሳልደውልላት ስትደውል የመጀመሪያዋ ነበር።

መልሱን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ከልጅ ጋር ለማውራት ይጠቅማል። አስረኛ ክፍል ድረስ ስማር የእንቁራሪት ዕድገት በጠመኔ ተስሎ አይቻለሁ። ከእንቁላል የወጣው እጭ እንደ ዓሣ በስንጥብ ይተነፍሳል። መጀመሪያ የኋላ እግሮቹ፣ ቀጥሎ የፊቶቹ ይወጣሉ። ጭራው ተቆርጦ አይወድቅም፤ እየሟሸሸ ወደ ሰውነቱ ተመልሶ ይገባል፣ ለአዲሱ ሰውነት መሥሪያ ይሆናል። ይህን በየሦስት ቀኑ እያነሳችሁ ብትልኩ ልጁ ቀጣዩን ይጠብቃል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ውድ ካሜራ አያስፈልግም።

አንደኛ፣ የስልኩን ካሜራ ጥረጉ። የእኛ ስልክ ወጥ ቤት ነው የሚውለው፤ ዘይትና የጣት አሻራ አለበት። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። ፎቶዬ ደብዘዝ አለ የምትል ግማሿ ችግሯ ይሄ ነው።

ሁለተኛ፣ ማለዳ ውጡ። እንቁራሪትም ነፍሳትም ሰውነታቸውን የሚያሞቁት ከውጭ ባለው ሙቀት ነው። የውሃ ተርብ፣ ያቺ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጭን ረጅም ሰውነትና አራት ክንፍ ያላት፣ ጠዋት ጤዛ ተሸክማ ሣር ላይ ታገኟታላችሁ። ፀሐይ እስኪያሞቃት በደንብ መብረር አትችልም። እኛ ደግሞ ማለዳ መነሳት ማን ያስተምረናል!

ሦስተኛ፣ ዝቅ በሉ። ከላይ ቆሞ የተነሳ እንቁራሪት ድንጋይ ይመስላል። ተንበርክካችሁ ስልኩን ከዓይኗ እኩል ስታደርጉት ፊት ይኖራታል። ጉልበታችን ለሰው ወለል ስንት ጊዜ ተንበርክኳል፤ አንድ ቀን ለራሳችን ይንበርከክ።

አራተኛ፣ ቀስ ብላችሁ ቅረቡ። እንቁራሪት ይበልጥ የምታስተውለው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ጥላችሁ እሷ ላይ እንዳይወድቅ ፀሐይዋን በጎን አድርጉ። አንድ እርምጃ፣ ቆም፤ አንድ እርምጃ፣ ቆም። የውሃ ተርብ ከበረረች አታሳድዷት። ብዙዎቹ ተነስተው ወደዚያው እንጨት ይመለሳሉ፤ ስልኩን አዘጋጅታችሁ እንጨቱ ጋ ጠብቁ።

አምስተኛ፣ ዓይኗን ያዙ። በጣም ሲቀርቡ ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ሌላው ሁሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ዓይኗን ነክታችሁ ጣታችሁን ትንሽ አቆዩት፤ ብዙ ስልኮች እዚያው ይቆልፋሉ። አብዛኛው ስልክ ከ10 ሳንቲሜትር በታች ሲጠጋ አይጠራለትም። ከዚያ አትጠጉ፤ ትንሽ ራቅ ብላችሁ አንሱና ኋላ ቁረጡት። ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ፣ ትንፋሽ ያዙ፣ አሥር ሃያ ጊዜ አንሱ። ሁለቱ ከወጡ ጥሩ ቀን ነው።

ስድስተኛ፣ ፍላሽ አጥፉ። እርጥብ ቆዳና ውሃ ላይ ነጭ ነጥብ ይተዋል። በጥላው በኩል ነጭ ወረቀት ወይም የወጥ ቤት ፎይል ብታቆሙ ብርሃኑን ይመልስላችኋል።

ጀማሪ የሆነች የማይሸሽ ነገር ትጀምር። የውሃ ተርብ ልጅነቷን ውሃ ውስጥ ነው የምታሳልፈው። ስታድግ ሣር ላይ ወጥታ ጀርባዋ ይሰነጠቅና ክንፏን ይዛ ትወጣለች፤ ባዶው ቅርፊት እግሩ ሣሩን እንደያዘ ይቀራል። የፈለጋችሁትን ያህል ብትቆዩበት አይንቀሳቀስም። ከዚያ በውሃ ላይ የምትሮጠዋን ረጅም እግሯን ነፍሳት አንሱ፤ እግሯ ውሃውን እንደ ላስቲክ ሲያጎደጉደው ይታያል።

አሁን አደራ የምላችሁ። እንቁራሪትን በእጃችሁ አትያዙ። ውሃ የምትጠጣው በአፏ ሳይሆን በቆዳዋ ነው፤ የነካትን ነገርም ቆዳዋ ይስበዋል። የእኛ እጅ ደግሞ በረኪና፣ ሳሙና፣ የመስታወት መጥረጊያ የዋለበት ነው። እኛን ቆዳችንን የሚልጠን ነገር እሷን ይገድላታል። የወለል ውሃም ብርኬው ውስጥ አይደፋ።

ስለ ራሳችሁ ደግሞ፦ የጦር ሠራዊት ኬላ፣ ወታደር፣ የመንግሥት ሕንፃ ባለበት ስልክ አታውጡ። ከጀርባ የአሠሪ ቤት፣ ልጆቻቸው፣ የመኪና ታርጋ እንዳይገባ ተመልከቱ፤ እንቁራሪት ነው ያነሳሁት ብትሉ የሚሰማችሁ አይኖርም። የካሜራውን ሎኬሽን አጥፉ። በበቃ ሸለቆ የአሚቅ ረግረግ አለ፤ ሊባኖስ ውስጥ ከቀሩት የጨው አልባ ውሃ ረግረጎች ትልቁ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በራምሳር ስምምነት ተመዝግቧል። ያምራል፤ ግን መንገዱ ላይ ኬላ አለ። ኢቃማዋ ያለቀባት ወይም ፓስፖርቷ እጇ ላይ የሌለ እህት ለፎቶ ብላ አትሂድ።

እሁድ የማትወጣዋስ? እሷን አልረሳኋትም። በረንዳ ላይ ካለ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለው ሳህን ውሃ ከያዘ ኩሬ ነው። ጥቂት ቀን ሲቆይ የቢንቢ እጭ ይታይበታል፤ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ በጭራው በኩል ባለ ቱቦ አየር ይስባል። ከጎን በመስታወት ብርጭቆ አድርጋችሁ አንሱት። ታዲያ በሙቀት ጊዜ በሳምንት ገደማ ክንፍ ያወጣልና በአራተኛው ቀን ድፉት፤ አለዚያ ቤቱን በቢንቢ ሞልታችሁ እኔን ታስወቅሱኛላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወርቅማ ቢጫ የሆነች የውሃ ተርብ አለች፤ የዝናብ ኩሬ እየፈለገች አገር ለአገር የምትዞር። ቻርልስ አንደርሰን የሚባል ማልዲቭስ የሚኖር ተመራማሪ እነዚህ በየዓመቱ በጥቅምት ገደማ በብዛት ሲመጡ አይቶ ተከታተላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመው ጽሑፍ እንደሚለው ከሕንድ ተነስተው በነፋስ ውቅያኖሱን አቋርጠው ምሥራቅ አፍሪካ ይደርሳሉ፤ ደርሶ መልሱ ከ14,000 እስከ 18,000 ኪሎ ሜትር ነው። ዙሩን ግን አንዷ ብቻዋን አትጨርሰውም፤ አራት ትውልድ ይወስዳል። የሄደችው አትመለስም፣ የምትመለሰው የልጅ ልጇ ነች።

ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ዝም ብዬ ቆየሁ። አንዲት እህት «እኛን ነው የሚመስሉት» አለችኝ። እኔ አልወደድኩትም። እነሱ አድራሻ የላቸውም፣ እኛ አለን። እኔ ራሴ ነው የምመለሰው። እስከዚያ ግን ልጄ እናቷ ምን እያየች እንደምትውል ትወቅ።

ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ የማክሮ ሌንስ ሁለት ፍሬ በማኅበሩ አለ። የምትፈልግ ስሟን ታስመዝግብ፤ ለአንድ ሳምንት ትወስዳለች፣ ለቀጣይዋ ጠርጋ ትመልሳለች። የሚቀጥለው እሁድ አንዳንድ ፎቶ ይዛችሁ ኑ። ሳህን ላይ የተነሳም ቢሆን እንቀበላለን።